የመኪና ቀረጥ እንዴት ይቆለላል? ከጂቡቲ እስከ ደብረ ማርቆስ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ አያልፍም። «ዱባይ ላይ በዚህ ዋጋ የሚሸጥ መኪና እዚህ ሲደርስ እንዴት እጥፍ ይሆናል?» ሻይ ቤት የተቀመጠው ሁሉ «ቀረጡ ነዋ!» ይለዋል። ቀረጥ ግን ከክፍያዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ከኋላው ሌሎች አራት አምስት ክፍያዎች ተሰልፈዋል። ዋጋውን የሚያንረውም ብዛታቸው ብቻ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ የሚሰላ መሆኑ ነው።

ይህ የአስመጪዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም። ቡሬ ላይ በቆሎ የሚጭነው አይሱዙ፣ ከሞጣ ባሕር ዳር የሚመላለሰው ሚኒባስ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ሰው የሚያደርሰው ባጃጅ፣ ሁሉም ራሱ ወይም የተገጣጠመበት ዕቃ በጉምሩክ በር አልፏል። በዚያ በር የተከፈለው ገንዘብ ዛሬ በትራንስፖርት ታሪፉና በጭነት ዋጋው ውስጥ አለ። ጤፍ ሸጠን የምናገኘውም ሆነ ዘይት ስንገዛ የምንከፍለው ከዚያ ገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡኝ ግን ዕቁብ ደርሷቸው፣ ከዘመድ ተበድረው፣ ያላቸውን አሟጠው አንድ መኪና ለመግዛት የሚነሱ ቤተሰቦች ናቸው። ለእነሱ ይህ የዕድሜ ልክ ውሳኔ ነው። ስሌቱን ከደላላ አፍ ብቻ ሰምተው መግባት የለባቸውም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

መነሻው ዋጋ

ሁሉም የሚጀምረው ከጉምሩክ ዋጋ ነው። ነጋዴዎች «ሲአይኤፍ» ይሉታል። መኪናው የተገዛበት ዋጋ፣ እስከ ሀገር መግቢያ ድረስ ያለው የማጓጓዣ ወጪና የመድን ክፍያው ተደምረው የሚያስገኙት ቁጥር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መኪናውን በ8,000 ዶላር ገዝቶ ቀረጡን በ8,000 ያሰላል። የመርከብ ኪራዩና መድኑ ሲገባበት መነሻው ከፍ ይላል፤ መነሻው ከፍ ሲል ደግሞ ከላይ ያለው ሁሉ አብሮ ከፍ ይላል።

ደረሰኝ ላይ የተጻፈው ዋጋም ሁልጊዜ እንዳለ አይወሰድም። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 የዋጋ አተማመን ዘዴዎችን በቅደም ተከተል አስቀምጧል። ቅድሚያ የሚሰጠው በእርግጥ ለተከፈለው ዋጋ ነው። ጉምሩክ ያን ዋጋ ካላመነበት ግን ተመሳሳይ መኪና ከዚህ በፊት በስንት እንደገባ ያያል፤ እሱም ካልሆነ ወደ ቀጣዩ ዘዴ ይሄዳል። በእጁ የዋጋ መረጃ አለው። ስለዚህ «ደረሰኙን ዝቅ አድርገን እናሠራለን» የሚል ምክር ስትሰሙ ተጠንቀቁ። ዋጋው ተነሥቶ እንደገና ይተመናል፤ ዝቅ ተደርጎ መቅረቡ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ ቅጣትም ይከተላል። መኪናው ከወጣ በኋላም ቢሆን ሰነዱ ተመልሶ ሊመረመር ይችላል።

ስጦታም እንደዚሁ ነው። ዱባይ ያለ ወንድም ለእኅቱ መኪና ላከላት እንበል። እሷ ምንም አልከፈለችም፤ መኪናው ግን ዋጋ አለው። ጉምሩክ ይተምነዋል፤ ቀረጡም በዚያ ትመና ይሰላል። በስጦታ የተላከ መኪና ወደብ ላይ ደርሶ ቀረጡን የሚከፍል ሲታጣ የቤተሰብ ጭንቀት ይሆናል። መላክ የሚፈልግ ዘመድ ካላችሁ ከመላኩ በፊት ይህን ንገሩት።

ቁልሉ

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የዶላር ምንዛሪ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ በብር ላስላው። የጉምሩክ ዋጋው 1,000,000 ብር የሆነ በነዳጅ የሚሠራ መኪና አስቡ። አዲስ ነው፤ የሞተሩ መጠንም ከ1,300 ሲሲ (የሞተሩ ሲሊንደሮች ይዘት መለኪያ) አይበልጥም። ለቤት መኪና ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየውን የ35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንውሰድ።

ቀረጡ 350,000 ብር ነው። ድምሩ 1,350,000 ደረሰ። ቀጥሎ ኤክሳይዝ ታክስ፣ በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ግብር፣ ይመጣል። በዚህ መጠን ላለ አዲስ መኪና 5 በመቶ ነው። የሚሰላው ግን በመጀመሪያው ሚሊዮን ላይ አይደለም፤ ቀረጡ በተጨመረበት 1,350,000 ላይ ነው። ስለዚህ 67,500 ብር ይሆናል። ድምር 1,417,500።

ሦስተኛው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ ሁላችንም ቫት የምንለው። 15 በመቶው የሚወሰደው ከዚህ ከ1,417,500 ነው። 212,625 ብር። ድምር 1,630,125። አራተኛው ሱር ታክስ ነው፤ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ግብር። ከ1999 ጀምሮ የመጣ 10 በመቶ ነው። እሱም ከፊቱ ያለውን ሁሉ፣ ቫቱንም ጭምር ይዞ ይሰላል። 163,012 ብር ከ50 ሳንቲም። ድምር 1,793,137 ብር ከ50።

በ2014 ደግሞ ማኅበራዊ ልማት ቀረጥ የሚባል 3 በመቶ ተጨመረ። ዓላማው በጦርነት የፈራረሱ መሠረተ ልማቶችን መልሶ መገንባት ነው ተብሏል። ይህ በመጀመሪያው የጉምሩክ ዋጋ ላይ ብቻ ስለሚሰላ 30,000 ብር ነው። ሁሉም ሲደመር ባለ 1 ሚሊዮኑ መኪና 1,823,137 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ። ለመንግሥት የተከፈለው 823,137 ብር ከ50 ነው።

ሰው እጣቱን ቆጥሮ «35 እና 5፣ 15 እና 10፣ 3 ሲጨመር 68 በመቶ ነው» ይላል። በዚያ ስሌት 680,000 ብር ይበቃ ነበር። ልዩነቱ ከ143,000 ብር በላይ ነው። ይህ ልዩነት የትም ቦታ በስም አልተጻፈም። የመጣው ግብሩ በግብር ላይ በመሰላቱ ነው፤ ልክ ወለዱ ወለድ እንደሚወልድ አራጣ። ብዙ ቤተሰብ በጀቱ የሚጎድልበት እዚህ ነው። መኪናው ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ቆሞ «መቶ ምናምን ሺህ ጎደለኝ» ብሎ ለዘመድ መደወል የሚመጣው ከዚህ የእጣት ስሌት ነው።

መኪናው የሚመጣው ለንግድ ከሆነ ሌላ 3 በመቶ አለ፤ ዊዝሆልዲንግ ይባላል። የሚሰላው በጉምሩክ ዋጋው ላይ ነው። ይህን ከሌሎቹ ለዩት። የገቢ ግብር ቅድመ ክፍያ ስለሆነ ነጋዴው በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፍለው ግብር ላይ ይታሰብለታል። ደረሰኙን የጣለ ሰው ግን ገንዘቡንም ጣለ ማለት ነው። ደረሰኙ ከሊብሬው እኩል መቀመጥ አለበት።

ሲሲው እና ዕድሜው

ከሁሉም ክፍያዎች መኪናን ከመኪና የሚለየው ኤክሳይዝ ታክሱ ነው። ሌሎቹ ለብዙዎቹ የቤት መኪናዎች ተቀራራቢ ናቸው። ኤክሳይዙ ግን ከ5 በመቶ ተነሥቶ 500 በመቶ ይደርሳል። አዎ፣ 500።

ይህን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ከ2012 በፊት ኤክሳይዙ የሚያየው ሲሲውን ብቻ ነበር። እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። መኪናው ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ለእርጅናው ከዋጋው እስከ 30 በመቶ ይቀነስለት ነበር። ውጤቱን ሁላችንም አይተነዋል። አሮጌ ማምጣት አዋጪ ሆነ። ቪትዝና ያሪስ፣ አሮጌ ኮሮላ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ ሚኒባስ መንገዱን ሞላው። ባሕር ዳር ላይ የመጀመሪያ መኪናውን ገዝቶ በደስታ የነዳ መምህርና ነርስ ስንት ነው! ያ ዘመን መካከለኛ ገቢ ያለውን ሰው ባለመኪና አድርጎታል፤ ይህን መካድ አይገባም። በሌላ በኩል ደግሞ ሌላ አገር ዕድሜውን የጨረሰ መኪና የአባይ በረሃን ቁልቁለት በደከመ ፍሬን ሲወርድ አይተናል። በአደጋው የሞተውን የምንቀብረው እኛ ነን።

የካቲት 2012 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012ን አጸደቀ። ሚዛኑ ተገለበጠ። አዲስና ትንሽ መኪና ከ30 ወደ 5 በመቶ ወረደለት። ከ1,300 እስከ 1,800 ሲሲ ያለው አዲስ መኪና 60፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነው አዲስ መኪና 100 በመቶ ላይ ቆዩ። ያገለገለ መኪና ግን ዕድሜው በገፋ ቁጥር እየጨመረ የሚሄድ ታክስ ተጣለበት። ከ1,800 ሲሲ በላይ ሆኖ ከ7 ዓመት በላይ የቆየ መኪና 500 በመቶ ደረሰ።

በቁጥር እንየው። የጉምሩክ ዋጋቸው እኩል 1 ሚሊዮን ብር የሆነ፣ ሁለቱም ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆኑ መኪናዎች አሉ። አንዱ አዲስ ነው፤ ሌላው ከ7 ዓመት በላይ ነው። በላይኛው ስሌት ብትሄዱ አዲሱ 2,445,500 ብር ግብር ይከፍላል። አሮጌው 9,276,500 ብር ይከፍላል። 1 ሚሊዮን ለሚያወጣ አሮጌ መኪና ከ9 ሚሊዮን በላይ ግብር! ይህ ግብር ለመሰብሰብ የወጣ አይመስልም። አሮጌ መኪና አታምጡ የሚል ትእዛዝ በቁጥር ተጽፎ ነው።

እኔ በዓላማው እስማማለሁ። የሰው ሕይወት ይቀድማል፤ ሀገር የሌሎች አሮጌ ብረት መጣያ መሆን የለባትም። ነገር ግን ሸክሙ እኩል አልወደቀም። አዲስና ትንሽ መኪና መግዛት የሚችል ሰው ግብሩ ቀለለለት። አሮጌ ብቻ መግዛት የሚችለው በሩ ተዘጋበት። እሱ ምን አደረገ? ቀድሞ የገባውን መኪና መፈለግ ጀመረ። በሀገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው የጨመረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት የተነዳ መኪና ጎጃም መጥቶ ያለመርከስ የሚሸጠውም ስለዚህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዕድሜው የሚቆጠረው ከተመረተበት ጊዜ ነው። ሻጭ «የዚህ ዓመት ሞዴል ነው» ሲል የሚጠራው ዓመትና ፋብሪካው መኪናውን ያመረተበት ዓመት ሊለያዩ ይችላሉ። በአንድ ዓመት ልዩነት መኪናው ወደ ላይኛው እርከን ከዘለለ ግብሩ በመቶ ሺዎች ይለወጣል። ሻንሲ ቁጥሩን፣ ማለትም መኪናው ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር፣ ሳታስመረምሩ ገንዘብ አትላኩ።

የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ስሌታቸው ከቤት መኪና ይለያል። የጉምሩክ ቀረጣቸው ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው፤ ለነሱ የተለየ ድንጋጌ ያላቸው ግብሮችም አሉ። ስለዚህ የጎረቤትን የቤት መኪና ስሌት ወስዶ አይሱዙ ለመግዛት ማቀድ አይሆንም። የታሪፍ መጽሐፉ ላይ የመኪናው መደብ የቱ እንደሆነ የሚያውቀውን የጉምሩክ አስተላላፊ፣ ማለትም ትራንዚተሩን፣ በቅድሚያ ጠይቁ። ስንት ሰው ይጭናል፣ ስንት ኩንታል ይጭናል፣ ጋቢናው ነጠላ ነው ወይስ ድርብ የሚለው ሁሉ መደቡን ሊለውጠው ይችላል።

ነዳጅ ሲከለከል

ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ውሳኔ የወሰነች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ዋናው ምክንያት ነዳጅ ለመግዛት የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። ኤሌክትሪኩን ከራሳችን ወንዝ እናገኛለን፤ ነዳጁን ግን በዶላር ነው የምንገዛው።

እንግዲህ ከላይ ያሰላነው የነዳጅ መኪና ስሌት ምን ይጠቅማል? በጣም ይጠቅማል። ዛሬ ደብረ ማርቆስና ዳንግላ የሚሸጠው አብዛኛው የቤት መኪና በዚህ ዓይነት የቁልል ስሌት የገባ ነው። ዋጋው ውስጥ ያ ሁሉ ግብር ተቀምጧል።

የኤሌክትሪክ መኪና ስሌት ሲወጣ በጣም አጭር ነበር። በ2014 የገንዘብ ሚኒስቴር ባወጣው ውሳኔ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከኤክሳይዝ፣ ከቫትና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኑ። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚመጣው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍል ተወሰነ። በከፊል ተገጣጥሞ የሚመጣው 5 በመቶ ሆነ። ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ቀረጥ አልተጣለበትም። በዚህ ውሳኔ 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 150,000 ብር ነው። የዚያው ዋጋ ትንሽ የነዳጅ መኪና ከ800,000 ብር በላይ ሲከፍል አይተናል። ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነው ደግሞ 2.4 ሚሊዮን። ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ነገር ግን ይህ ነፃነት የተሰጠው በመመሪያ ነው። በመመሪያ የተሰጠ በመመሪያ ይነሣል፤ ከፊሉ ተነሥቶ ከፊሉ ሊቀርም ይችላል። ስለዚህ አምና የገዛውን ሰው ስሌት ይዛችሁ ዘንድሮ አትግዙ። በምትገዙበት ሳምንት ያለውን መጠን ጠይቁ።

ለጎጃም ሰው ሌላም ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ የአባይ በረሃ አለ። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ነው። ሲወርዱ ባትሪው ትንሽ ኃይል መልሶ ይይዛል፤ ዳገቱ ግን ከዚያ በላይ ይበላል። ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች ደግሞ በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ነው። በወረቀት ላይ 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለ መኪና ሰው ጭኖ፣ ዕቃ ጭኖ፣ ይህን ዳገት ወጥቶ ምን ያህል እንደሚቀረው ከግዢው በፊት ይታሰብ። ከተማ ውስጥ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ማታ ቤት ገብቶ ሶኬት ላይ ለሚሰካ ሰው ግን ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ነዳጅ ማደያ ደጃፍ ላይ ተሰልፎ ያደረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

ዶላሩ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም መጨመሩን ቀጠለ። ብዙ ሰው ይህን ያየው በመኪናው ዋጋ ላይ ብቻ ነው። በግብሩ ላይ ያደረገው ግን ያን ያህል አይወራም።

ጉምሩክ መቶኛውን አልጨመረም እንበል። መኪናው 10,000 ዶላር ነው። በ57 ብር ምንዛሪ የጉምሩክ ዋጋው 570,000 ብር ነበር። በ120 ብር 1,200,000 ይሆናል። ቀደም ሲል ባሰላነው የትንሽ አዲስ መኪና መጠን ግብሩ ከ469,188 ብር ወደ 987,765 ብር ይወጣል። አዋጅ አልወጣም፣ መቶኛ አልተለወጠም፤ ግብሩ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዶላር ያያችሁት ዋጋ ባይነቃነቅም በብር የምትከፍሉት ይሮጣል። መኪናው በመርከብ ላይ እያለ ምንዛሪው ከተለወጠ የተዘጋጀው ገንዘብ አይበቃም። ከስሌቱ በላይ መጠባበቂያ መያዝ ግድ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከግብር ውጭ ያለው

ከግብሩ ሌላ መንገዱ ራሱ ያስከፍላል። የጂቡቲ ወደብ ክፍያ አለ። ከጂቡቲ እስከ ሞጆ ወይም ቃሊቲ ማጓጓዣ አለ። የባንክ አገልግሎት፣ የትራንዚተር ክፍያ፣ የመጋዘን ኪራይ አለ። እነዚህ እያንዳንዳቸው ከግብሩ ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ናቸው። ትንሽ ሆነው የማይቀሩት መኪናው ሲዘገይ ነው። የማቆያ ክፍያ በቀን ይቆጠራል። በየቀኑ የሚቆጠረው ደግሞ ሰነድ ሲጎድል፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ሻንሲ ቁጥር ከመርከብ ጭነት ሰነዱ በአንድ ፊደል ሲለይ፣ ወይም ገንዘብ ሲያጥር ነው።

ዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚሰጠው የዕቃው መግለጫ ሰነድ፣ ሲቀርብ ጉምሩክ እንደ ስጋቱ ደረጃ ይመድበዋል። አረንጓዴ ከደረሰው በቶሎ ይለቀቃል፤ ቢጫ ሰነዱ ይመረመራል፤ ቀይ ዕቃው ራሱ ይፈተሻል። ቀይ መሆን ጥፋት አይደለም፤ ሰነዱ የተስተካከለ ሰው አይፈራውም። ጊዜ ግን ይወስዳል፤ ጊዜው ገንዘብ ነው።

ከቀረጥ ነፃ የተባለው

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ጎጃም ውስጥ ሰው በጣም የሚጎዳበት ይህ ነውና። ኢንቨስተር፣ የርዳታ ድርጅት፣ ዲፕሎማትና ሌሎችም በሕግ መብት የተሰጣቸው መኪና ከቀረጥ ነፃ ያስገባሉ። መብቱ የተሰጠው ግን ለባለመብቱና ለታቀደው ሥራ ነው እንጂ ለመኪናው አይደለም። ያው መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ያልተከፈለው ቀረጥና ታክስ መከፈል አለበት።

ገበያ ላይ ግን እንዲህ ይሆናል። መኪናው ከገበያ ዋጋ በታች ይቀርባል። ደላላው «ስሙን ቆይተህ ታዞራለህ፤ ለጊዜው በውክልና ያዘው» ይላል። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ በሌላ ሰው ስም ያለ መኪና ይነዳል። ጉምሩክ ወይም ፖሊስ ባስቆመው ቀን መኪናው ሊያዝ ይችላል። ውክልና ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥ ውክልናውን ያነሣል። ሰጪው ቢሞት ውክልናው በመሠረቱ አብሮት ያበቃል፤ ገዢው ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይገናኛል። አንድ ቤተሰብ ሙሉ ጥሪቱን በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ሲያፈስ ማየት ያማል። በርካሽ የተሸጠው የመኪናው ግብር ገና ስላልተከፈለ ነው፤ ከፋዩም የመጨረሻው ገዢ ይሆናል።

ስለዚህ ያገለገለ መኪና ስትገዙ ከሞተሩ በፊት ወረቀቱን እዩ። ሊብሬው በሻጩ ስም ነው ወይ? ቀረጥ የተከፈለበት ዲክላራሲዮንና የክፍያ ደረሰኝ አለ ወይ? በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በዲክላራሲዮኑ ካለው፣ እሱም መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ ነው ወይ? መንገድ ትራንስፖርት ያለውን ፋይል ራሳችሁ እዩት፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ጥርጣሬ ካለ ባሕር ዳር የጉምሩክ ቅርንጫፍ አለ፤ ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣም ሆነ ከቡሬ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። የአንድ ቀን መንገድ ከዓመታት ክርክር ይሻላል።

ውል ስትፈርሙ «ከዚህ በፊት ያልተከፈለ ቀረጥ፣ ታክስና ቅጣት ቢገኝ ሻጩ ይከፍላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይግባበት። ፊርማው ውልና ማስረጃ ፊት ይሁን። ሻጩ ይህን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ካመነታ ለምን እንዳመነታ ጠይቁት። «ዲክላራሲዮኑ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ነው፤ በኋላ ይላክላችኋል» ካለ ደግሞ ወረቀቱ እስኪመጣ ቀብድ አትክፈሉ።